«ለ» እና «ከ»



ዛሬ ኅዳር 14 ነው። ነገ የነቢያት ጾም ይገባል። እኔ ያለሁት ሆልምሊያ ነው። ከኦስሎ ማዕከላዊ ጣቢያ በኤል 2 ባቡር ወደ ደቡብ ስትወርዱ፣ ሃውኬቶን እንዳለፋችሁ የምታገኙት ሰፈር። ፀሐይ በእኛ አቆጣጠር ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ ጠልቃለች። ከመስኮቴ ፊት ለፊት ባለው ብሎክ አንዳንዱ ቤት ከወዲሁ የወረቀት ኮከቡን ሰቅሎ አብርቷል።

ዛሬ ከሥራ ስመለስ ሆልምሊያ ሴንተር ጎራ ብዬ ነበር። የስጦታ መጠቅለያ ወረቀቱ ጥቅል በጥቅል ተደርድሯል። ከአጠገቡ ትንንሽ ካርዶች አሉ፤ ሁለት ቃል ብቻ ነው የታተመባቸው። «ቲል» እና «ፍራ»። «ቲል» በእኛ «ለ» ነው፣ «ፍራ» ደግሞ «ከ»። ለእገሊት፣ ከእገሌ። ኖርዌጂያን ሦስት ሦስት ፊደል የሚፈጁበትን እኛ በአንድ አንድ ፊደል እንጨርሰዋለን።

ዛሬ ማታ የማወጋችሁ ስለነዚህ ሁለት ፊደላት ነው። በመርፌና በክር ሲጻፉ ምን ያህል እንደሚከብዱ፣ ምን ያህልም እንደሚቆዩ።

ነገሩን ያስጀመረችኝ ልጄ ናት። የአራት ዓመት ልጅ ሳለች፣ በዲሴምበር አንድ ቀን፣ ከመዋዕለ ሕፃናት ልወስዳት ሄድኩ። ቤት እንደገባን ጓንቷን እንኳ ሳታወልቅ ከቦርሳዋ አንድ ነገር አወጣች። ከቀይና ከነጭ ወረቀት የተሠራ፣ የልብ ቅርጽ ያለው፣ ማንጠልጠያ ያለው ትንሽ ቅርጫት። «ዩለኩርቭ» ይሉታል፤ የገና ዛፍ ላይ የሚንጠለጠል ነው። በጀርባው በእርሳስ «ለእማዬ» ብላ በኖርዌጂያን ጽፋለች። አንዱ ፊደል ወደ ኋላ ዞሯል።

አገላብጬ አየሁት። ቀዩ ወረቀት ከላይ ወደ ታች ይወርዳል፣ ነጩ ከጎን ይገባል፣ አንዱ በአንዱ ውስጥ እየሾለከ ይተላለፋል። ይሄማ ድርና ማግ ነው፣ አልኩ። የእኛ ሸማኔ ጉድጓዱ ውስጥ እግሩን ሰድዶ የሚሠራውን ልጄ በወረቀት ሠርታዋለች። በኋላ እንደተረዳሁት፣ እስካሁን ከሚታወቁት እንዲህ ያሉ የወረቀት ልቦች ጥንታዊ የሆነውን የሠራው ዴንማርካዊው የተረት ደራሲ ሃንስ ክርስቲያን አንደርሰን ነው፤ ዘመኑም በ1860 አካባቢ ነው። ያን ሁሉ ተረት የጻፈ ሰው ተቀምጦ ወረቀት ይቆርጥ ነበር።

በዚያ ዓመት እኔ የገዛሁላት አሻንጉሊት ለጥምቀት እንኳ አልደረሰም፤ እጁ ተነቅሎ ተጣለ። «ለ» እና «ከ» የተጻፈበት ካርድም ከመጠቅለያው ጋር በዚያው ምሽት ቆሻሻ መጣያ ገባ። የወረቀቷ ልብ ግን እስከ ዛሬ አለች። ያን ጊዜ ነው ራሴን የጠየቅኩት። ልጄ በእጇ ሠርታ ሰጠችኝ፤ እኔስ?

አድማጮቼ፣ በእጅ የተሠራ ስጦታ ለእኛ እንግዳ አይደለም። ስሙን «ስጦታ» ሳንለው የኖርንበት ነገር ነው። ወደዚህ አገር ስመጣ እናቴ ጋቢ ሰጠችኝ። ጥጡን በመዳመጫ ፈለቀቀች፣ በደጋን ነደፈች፣ ባዘቶውን ጠቅልላ በእንዝርት ፈተለች። ልቃቂቱ ሲሞላ ለሸማኔ ወሰደችው። ጋቢ እንደምታውቁት አራት እጅ ነው፤ ለአንድ ጋቢ የሚበቃ ፈትል የብዙ ምሽት ሥራ ነው። ሸማኔውን ምን እንዳለችው አሁንም ጆሮዬ ውስጥ አለ። «ረዘም አድርግልኝ። ልጄ ቁመታም ናት፣ የምትሄድበት አገር ደግሞ ብርዳም ነው፤ እግሯ እንዳይወጣባት።»

ስሜ ጋቢው ላይ የለም። ቁመቴ ግን አለ። ልክ የተወሰደልኝ ሰው መሆኔን እግሬን በሸፈንኩ ቁጥር አውቀዋለሁ። ለአንድ ሰው ብቻ የተሠራ ስጦታ ማለት ይህ ነው። ሌላ ሰው ቢለብሰው ይረዝምበታል።

በዓሉም ራሱ ከክርና ከጨርቅ ጋር የተያያዘ ነው። መልአኩ ገብርኤል ሲያበሥራት እመቤታችን ለቤተ መቅደስ ሐርና ወርቅ አስማምታ ትፈትል እንደነበር አባቶቻችን ያስተምራሉ። ሕፃኑ ሲወለድ የመጀመሪያ ልብሱ እናቱ የጠቀለለችበት ጨርቅ ነው። በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 9 ደግሞ በኢዮጴ ስለምትኖር ጣቢታ ስለምትባል ሴት ተጽፏል። ስትሞት መበለቶቹ ጴጥሮስን ከበው እያለቀሱ ያሳዩት የሰፋችላቸውን ልብስ ነው። ስለ ደግነቷ ብዙ ማውራት ይችሉ ነበር፤ እነሱ ግን ቀሚሱን አሳዩት። የሰፋችው ሁሉ ምስክር ሆነላት።

«ይሄ ሁሉ መልካም ነው፣ ግን ጊዜ ከየት ይመጣል?» የሚለኝ እንዳለ አውቃለሁ። እውነት ነው። ብዙዎቻችን የምንሠራው በአረጋውያን መንከባከቢያ፣ በጽዳት፣ በአውቶቡስና በታክሲ ነው። አገሬው ለበዓል ሲያርፍ የእኛ ፈረቃ ይበዛል። ገናም ሁለት ጊዜ ነው የሚመጣብን፤ ዲሴምበር 24 የልጆቹ ትምህርት ቤትና የጎረቤቱ፣ ታኅሣሥ 29 የራሳችን። መሀሉ ላይ ጾም አለ፣ ቤት ማጽዳት አለ፣ አገር ቤት ብር መላክ አለ።

እኔም ጊዜ ያገኘሁት ሥራውን ስከፋፍለው ነው። የሰፋሁትን ነገር ልንገራችሁ። ብዕርና ወረቀት ያላችሁ አምጡ።

እዚህ አገር ልጆች ከዲሴምበር 1 እስከ 24 በየቀኑ አንዲት ትንሽ በር ይከፍታሉ፣ ወይም አንዲት ትንሽ ጥቅል ይፈታሉ። የአድቬንት ካሌንደር ነው። የአገሪቱ ቴሌቪዥን ኤንኤርኮም ይህንኑ ተከትሎ በየቀኑ አንድ ክፍል የሚታይ የልጆች ተከታታይ ያቀርባል። በጣም ከሚወደዱት አንዱ በ1979 የታየው «ዩል ኢ ስኩማከርጋታ» ነው፤ የጫማ ሠሪው መንገድ ገና እንደማለት። ሄንኪ ኮልስታድ የተጫወተው አረጋዊ ጫማ ሠሪ በትንሿ መሥሪያው ተቀምጦ በየቀኑ ለልጆቹ አንድ በር ይከፍትላቸዋል። አንድ አገር ሕዝብ ገናን ለልጆቹ ለማስረዳት የመረጠው ሰው የእጅ ባለሙያ ነው። ይህን ባሰብኩ ቁጥር ደስ ይለኛል።

ግን የእነሱ ካሌንደር በ24 ያልቃል። የእኛ ልጅ ገናዋን ገና ትጠብቃለች። በሮቹ ሁሉ ተከፍተው፣ ቸኮላቱ አልቆ፣ ካርቶኑ ተጥሎ፣ የራሷ በዓል ሳይመጣ በዓሉ ያለፈ ይመስላታል። እኔ ደግሞ «ቆይ፣ የእኛ ገና አልደረሰም» ከማለት ሌላ የማሳያት ነገር አልነበረኝም።

እናም ቆጠርኩ። ታኅሣሥ 1 እዚህ ዲሴምበር 10 ነው። ገና ታኅሣሥ 29፣ ጃንዋሪ 7 ነው። 29 ቀን። ታዲያ የፈረንጆቹ ዋዜማ ዲሴምበር 24 በእኛ ስንት ላይ ይውላል? ታኅሣሥ 15። ከእሱ በፊት 14 ቀን፣ ከእሱ በኋላ 14 ቀን። እኩል መሀል ላይ!

ይህን ሳገኝ ሌሊት ነበር፤ ባለቤቴን ቀስቅሼ ነገርኩት። ልጃችን በሁለት በዓል መሀል የተወጠረች ይመስለኝ ነበር። የራሳችንን ወር ዘርግቼ ስቆጥር ግን የእነሱ በዓል በእኛ ወር ውስጥ ቦታ አለው፤ ያውም እምብርቱ ላይ።

ስለዚህ 29 ኪስ ያለው የታኅሣሥ መቁጠሪያ ሰፋሁላት። አንድ ነገር ግን ያዙልኝ። በዘመነ ዮሐንስ ገና በ28 ይውላል፤ በዚያ ዓመት የመጨረሻው ኪስ ባዶ ይቆያል።

አሠራሩ ይህ ነው። መደቡ ወፈር ያለ ጨርቅ ይሁን፤ ወርዱ 70 ሴንቲ ሜትር፣ ቁመቱ 1 ሜትር። በላዩ ላይ 5 ኪስ በአግድም፣ 6 ኪስ በቁመት ይደረደራል፤ 30 ይሆናል። 29ኙ ለቀኖቹ ናቸው። ሠላሳኛውን እመለስበታለሁ። እያንዳንዱ ኪስ ተሰፍቶ ሲያልቅ ወርዱ 10፣ ቁመቱ 12 ሴንቲ ሜትር እንዲሆን 12 በ15 አድርጋችሁ ቁረጡ። ትርፉ ለጠርዙና ለአፉ እጥፋት ነው። ከላይ እንጨት የሚገባበት ስምንት ሴንቲ ሜትር ያህል ተዉለት።

ለኪሶቹ አዲስ ጨርቅ አትግዙ። በየቤታችን ጠርዙ የተተለተለ ነጠላ አለ። ያጠረ ቀሚስ አለ፤ ጥበቡ ያማረ፣ ልብሱ ግን ያለቀ። እነዚህ የማይጣሉም የማይለበሱም ሆነው ሻንጣ ውስጥ ይኖራሉ። ሽሮ ሜዳ የተገዙ፣ በሰው እጅ የተላኩ፣ ታሪክ ያላቸው ናቸው። ከነጠላው ኪሱን፣ ከቀሚሱ ጥበብ የኪሱን አፍ ሥሩ። የጎደለውን ፍሬቴክስን ከመሰሉ የአሮጌ ዕቃ መሸጫዎች የአልጋ ልብስ ወይም የጠረጴዛ ልብስ በትንሽ ዋጋ ታገኛላችሁ።

ከመቁረጣችሁ በፊት ጨርቁን እጠቡ። ጥጥ ውኃ ሲነካው ይሰበሰባል። መጀመሪያ የሰፋሁትን ሳላጥብ ሰፋሁና በኋላ ሳጥበው ኪሶቹ ሁሉ ተጨማደዱ። ቀይ ጨርቅ ካለ ደግሞ ለብቻው፣ ውኃው ጥርት እስኪል ድረስ ይታጠብ፤ አለበለዚያ ነጩን ነጠላ ያቀላዋል።

ቁጥሮቹን በግእዝ አኃዝ ጥለፏቸው። ከ1 እስከ 29 ለመጻፍ የሚያስፈልጉት 11 ምልክቶች ብቻ ናቸው፤ ከ፩ እስከ ፱ ዘጠኙ፣ ከዚያ ፲ እና ፳። ልጃችሁ ወሩን ስትጨርስ አኃዙን ታውቀዋለች። የእኔዋ ማንም ሳያስተምራት ቤተ ክርስቲያን መጽሐፍ ላይ ፲፭ን አይታ «እማዬ፣ ይሄ የመሀለኛው ኪስ ነው» አለችኝ።

ቁጥሩን መጀመሪያ በደረቅ ሳሙና ቁራጭ ጨርቁ ላይ ጻፉት፤ ሲታጠብ ይጠፋል። ከዚያ ክሩን ደርባችሁ፣ መርፌውን አንድ እርምጃ ወደ ፊት፣ ግማሽ እርምጃ ወደ ኋላ እየመለሳችሁ ስፉ። በዚህ አሰፋፍ መስመሩ አይቆራረጥም፣ ክሩም ቶሎ አይተረተርም። ኪሱ መደቡ ላይ ከመሰፋቱ በፊት ነው ቁጥሩ የሚጠለፈው፤ ይህን ቅደም ተከተል አትርሱ።

ጊዜው ከየት ይመጣል ላልነው መልሱ እነሆ። አንድ ኪስ ከቀሚስ ኪስ አይበልጥም። ካፖርት ውስጥ ይገባል። ከሆልምሊያ ተነስቼ ወደ ሥራ ስሄድ ባቡር ውስጥ እጠልፋለሁ፤ አጠገቤ የሚቀመጡት ኖርዌጂያውያን አሮጊቶች ሹራባቸውን እየሠሩ ነው የሚሄዱት፣ ማንም አይገርመውም። የስፌት መኪና ያላችሁ ደግሞ ማታ ስትሰፉ ከሥሩ ወፍራም ብርድ ልብስ አጥፋችሁ አንጥፉ፤ ድምፁ በወለሉ አልፎ ከታች ያለውን ጎረቤት እንዳይቀሰቅስ። መኪና የሌላችሁ፣ ቢዮርቪካ ያለው የዳይክማን ቤተ መጻሕፍት መሥሪያ ክፍል ውስጥ የስፌት መኪናዎች አሉ።

በምሽት ሁለት ኪስ ስፉ። ሁለት ብቻ። ነገ ኅዳር 15 ብትጀምሩ፣ ሁለት ሁለት እያላችሁ ኅዳር 29 ማታ 30ው ኪስ ያልቃል። ኅዳር 30 ትሰቅሉታላችሁ። በማግስቱ ታኅሣሥ አንድ ነው፤ ልጃችሁ የመጀመሪያውን ኪስ ትከፍታለች። የጾሙ መጀመሪያ የሥራውም መጀመሪያ ይሆናል።

ውስጡ ምን ይግባ? ጾም ስለሆነ ዳቦ ቆሎ፣ ለውዝ፣ ተምር። በአንዳንዱ ኪስ ውስጥ ደግሞ የተጣጠፈች ወረቀት። ታኅሣሥ 3፣ በዓታ ለማርያም፤ «ዛሬ ለአያትሽ ደውዪ።» ታኅሣሥ 19፣ ገብርኤል፤ «አባትሽ ስለ ቁልቢ ይነግርሻል፣ ጠይቂው።» ታኅሣሥ 24፣ አቡነ ተክለ ሃይማኖት። በመሀለኛው፣ በ፲፭ኛው ኪስ ውስጥ የማስቀምጠው በየዓመቱ አንድ ነገር ነው፤ ያቺን የወረቀት ልብ። የፈረንጆቹ ደወል በእኛ 11 ሰዓት ላይ ገናን ሲያበሥር ልጄ አውጥታ መስኮቱ ላይ ትሰቅላታለች። በ፳፱ኛው ኪስ «አዲሱ ቀሚስሽ ቁም ሣጥኑ ውስጥ ነው» የሚል ወረቀት አለ።

አሁን ወደ ሠላሳኛው ኪስ ልመለስ። እሱ ላይ ቁጥር የለም። «ለ» ይላል፣ ከዚያም ስሟ።

አድማጮቼ፣ የልጆቻችን ስም እዚህ አገር ምን እንደሚሆን ታውቃላችሁ። በላቲን ፊደል ሲጻፍ ቀ እና ከ አንድ ይሆናሉ። ጠ ተ ይሆናል። ጸ ሁለት ፊደል ተደርጎበት እንኳ ድምፁ አይገኝም። ቃልኪዳን የምትባል ልጅ ትምህርት ቤት ካልኪዳን ናት። ጽዮን የምትባለው እንደ አስተማሪዋ አንደበት ስትለዋወጥ ትውላለች። ክፋት የለበትም፤ አንደበታቸው ያልለመደው ድምፅ ነው። ነገር ግን አንድ ልጅ ስሟ ሙሉ ሆኖ የተጻፈበት አንድ ቦታ ያስፈልጋታል። በየቀኑ የምታየው፣ ጣቷን የምታሳልፍበት ቦታ። ጥልፍ ከጨርቁ ከፍ ይላል፤ በጨለማም ይዳሰሳል። ልጄ የስሟን ፊደላት ከማንበቧ በፊት በጣቷ ታውቃቸው ነበር።

ፊደላችን ለመርፌ የተመቸ ነው። «ሰላም» በላቲን አምስት ፊደል፣ በእኛ ሦስት ነው። «ሊያ» ሁለት ብቻ። ለጎረቤት ብትሰፉም እንዲሁ ነው። ኖርዌጂያውያን «ማንኛውም ሰው» ለማለት የሚያነሷቸው ኦላ እና ካሪ የሚባሉ ስሞች በፊደላችን ሁለት ሁለት ፊደል ናቸው። ባለፈው ዓመት ደረጃ ላይ ሁልጊዜ ሰላም ለምትለኝ አሮጊት ጎረቤቴ የዳቦ መሸፈኛ ሰፋሁላትና ስሟን በፊደላችን ጠለፍኩበት። «ይህ እኔ ነኝ?» ብላ ደጋግማ ጠየቀችኝ። ኖርዌጂያን ጥልፍ ያከብራሉ፤ «ቡናድ» የሚሉት የባህል ልብሳቸው ሙያ በ2024 በዩኔስኮ የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ገብቷል። መርፌ የያዘ እጅ ምን እንደሚለፋ ይገባቸዋል።

አባቶች፣ እናንተንም እያወራኋችሁ ነው። እዚህ አገር በትምህርት ቤት ወንዱም ሴቱም መስፋት ይማራል። በአገራችንም መርካቶ በረንዳ ላይ በመኪና የሚሰፋው፣ ከጋሞ ደጋ መጥቶ ሽሮ ሜዳ ሸማ የሚሠራው ወንድ ነው። እናት ፈተለች፣ አባት ሸመነ። ስለዚህ ከምሽቱ ሁለት ኪስ አንዱን ለአባትየው ስጡት።

አንድ የመጨረሻ ነገር። «ለ» ከፊት ነው። «ከ» ደግሞ ከኋላ፣ ከመደቡ ጀርባ፣ በትንሹ ይጻፍ። ማን እንደሰፋው፣ የት፣ መቼ። «ከእናትሽ፣ ከሆልምሊያ»፣ ከዚያ ዓመተ ምሕረቱ። እናቴ ጋቢዬ ላይ ይህን አልጻፈችም፤ ዓመቱን ዛሬ የማውቀው በማስታወስ ብቻ ነው። ልጄ ግን አንድ ቀን ይህን ጨርቅ ለራሷ ልጅ ስትሰቅል፣ ማን ከየትኛው ሰፈር፣ በየትኛው ዘመን እንደሰፋው ገልብጣ ታነባለች።

እንግዲህ ዛሬ ማታ ሻንጣውን አውርዱ። ያን የተተለተለ ነጠላ አውጡና እጠቡት፤ እስከ ነገ ማታ ይደርቃል። ነገ ሁለት ኪስ ቁረጡ። የመጀመሪያው ያ ሠላሳኛው፣ የስሙ ኪስ ይሁን፤ መርፌያችሁም የሚጀምረው በ«ለ» ይሁን።

ጾሙን በሰላም ያስጀምረን፣ ለብርሃነ ልደቱ በሰላም ያድርሰን። ደኅና እደሩ።